ላም አለኝ በሰማይ፡- የሮቤ አንድ ሰዓትና የእኛ ዘጠኝ ሰዓት

ለመሆኑ ባሌ ሮቤ ከአዲስ አበባ ምን ያህል ትርቃለች? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መልሱ ግን እንደ ተጠያቂው ነው። ሹፌሩን ብትጠይቁት «በሻሸመኔ በኩል 430 ኪሎ ሜትር ግድም» ይላችኋል። ካርታ ዘርግቶ ማስመሪያ ያጋደመ የጂኦግራፊ ተማሪ «250 ኪሎ ሜትር ብትሆን ነው» ይላል። የአውሮፕላን ቲኬት ቆራጯ ፈገግ ብላ «አንድ ሰዓት ያህል ነው» ትላለች። የአውቶቡሱ ረዳት ደግሞ በሩን እየደበደበ «አይዟችሁ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንገባለን!» ይላል። አራቱም አልዋሹም።

እኔን የሚያንገበግበኝ፣ ስለ ልማት በተወራ ቁጥር ከአራቱ መልሶች መድረክ ላይ የሚወጣው ሦስተኛው ብቻ መሆኑ ነው። ባሌ ሩቅ የነበረችው ድሮ ነው፣ ዛሬ ግን የአንድ ሰዓት መንገድ ናት ይባልልናል። እሰይ! ግን ለማን? ለጎባ ነጋዴ? ለሲናና ገበሬ? «ሪፈር» የሚል ወረቀት ይዞ ለሚንከራተት በሽተኛ? አበው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ያሉት እንዲህ ያለውን ነገር አይተው መሆን አለበት።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራ፤ ሒሳብ ማንንም አያስቀይምም።

በአየር የአዲስ አበባና የሮቤ ርቀት 250 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህ ማለት ምን እንደሆነ ልብ በሉልኝ። በመኪና ከአዲስ አበባ እስከ ሻሸመኔ ያለው መንገድም ያንኑ ያህል ነው። አውሮፕላኑ ሮቤ ሲያርፍ የተጓዘው ርቀት፣ አውቶቡሱ ሻሸመኔ ገብቶ ምሳ ሲበላ ከተጓዘው አይበልጥም ማለት ነው። ከሻሸመኔ በኋላ ያለው 180 ኪሎ ሜትር የመልክዓ ምድሩ ዕዳ ነው። መንገዱ መጀመሪያ ስምጥ ሸለቆን ይዞ ወደ ደቡብ ይወርዳል፤ ከዚያ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ደጋውን ይወጣል። በአዳማ፣ በአሰላ፣ በበቆጂና በአሳሳ የሚሄደውም ቢሆን መጨረሻው ዶዶላ ላይ ከሻሸመኔው ጋር መገናኘት ነው። ከዚያ አዳባ፣ ዲንሾ፣ ሮቤ። በአርሲና በባሌ መካከል የዋቤ ወንዝ ገደል አለ፤ ወፍ እንጂ አውቶቡስ አይዘለውም።

እንግዲህ 430 ኪሎ ሜትሩን በዘጠኝ ሰዓት የጨረሰ አውቶቡስ (ያውም ጎማ ሳይተኛበትና ኬላ ሳይበዛበት) በሰዓት በአማካይ 48 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደ ማለት ነው። ቀነኒሳ በቀለ በ1997 ዓ.ም. ብራስልስ ላይ 10 ሺህ ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ሲሮጥ ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 23 ኪሎ ሜትር ነበር። የበቆጂው ልጅ በሁለት እግሩ የሮጠውን፣ ባለሞተሩ አውቶቡሳችን እጥፉን አለፍ ቢል ነው። ይህ የሹፌሩ ስንፍና አይደለም። ከብቱ፣ ጋሪው፣ ባጃጁ፣ በየከተማው ያለው ገበያ፣ ፍተሻው፣ ትርፍ ለመጫን የሚቆመው፣ ትርፍ ጫንክ ተብሎ የሚቆመው ሁሉ ተደምሮ ነው።

በዚያው ዘጠኝ ሰዓት ዓለም የት ይደርሳል? አንዱ አውቶቡስ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከቃሊቲ ወደ ሮቤ ተነሳ እንበል። በዚያችው ደቂቃ ሁለት አውሮፕላኖች ከቦሌ ተነሱ እንበል፤ አንዱ ወደ ካይሮ፣ ሌላው ወደ ለንደን። የካይሮው 2,400 ምናምን ኪሎ ሜትር በርሮ አራት ሰዓት ሳይሞላው ያርፋል። የእኛ አውቶቡስ ገና ሻሸመኔን እያሰበ ነው። የለንደኑ ወደ ስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር አቋርጦ በስምንት ሰዓት ውስጥ ይደርሳል። የእኛዎቹ ገና ከዲንሾ ብርድ ጋር እየታገሉ ናቸው። ምን አለፋችሁ፣ በሰዓት ከተለካ ለንደን ለቦሌ ሰፈር ከሮቤ ይልቅ ትቀርባለች።

«ታዲያ አውሮፕላን አለላችሁ አይደል?» የሚል አይጠፋም። አለ! እኔም አልካድኩም። ጎባ እኮ ከአውሮፕላን ጋር የተዋወቀችው ዛሬ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ካደረገ በኋላ፣ በንጉሡ ዘመን በነዚያ ባለሁለት ሞተር ዳኮታዎቹ ከሚያዳርሳቸው የአገር ውስጥ ከተሞች አንዷ የባሌ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ጎባ ነበረች። ዛሬም ቲኬቱን ገልብጣችሁ ብታዩት፣ ማረፊያው በሮቤ ስም ቢጠራም ዓለም አቀፍ ምልክቱ ጂ.ኦ.ቢ. ነው። ጎባ! ከተማዋ የዞን መቀመጫነቷን ለሮቤ አስረክባ ሦስቱን ፊደላት ግን አልለቀቀችም። በረራው በየዘመኑ አንዴ ሲቋረጥ፣ አንዴ ሲቀጥል እዚህ ደርሷል።

ዛሬ በአገር ውስጥ መስመር የምናያቸው ባለሁለት ሞተር «ኪው 400» አውሮፕላኖች አየር ላይ ከተስተካከሉ በሰዓት 650 ኪሎ ሜትር ያህል ይበርራሉ። 250 ኪሎ ሜትር ለዚህ ፍጥነት 23 ደቂቃ ነው። ታዲያ ቲኬቱ ላይ ለምን አንድ ሰዓት ይጻፋል? መንደርደሩ፣ ከፍታ መያዙ፣ ዝቅ ማለቱ፣ ማረፉ፣ መሬት ላይ ተራ መጠበቁ ሁሉ ስለሚቆጠር ነው። በአጭር በረራ ላይ አውሮፕላኑ በሙሉ ፍጥነቱ የሚሄድባት ጊዜ ጥቂት ናት። በዚህ ላይ ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ ከቦሌ እንኳ ትበልጣለች። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩም ክንፉም ጉልበት ያጣል፤ ለመነሳት ረዘም ያለ መንደርደሪያ ይፈለጋል። የደጋው ጉምም የራሱ ሕግ አለው። ቦሌ ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ መባሉን ስንጨምርበት፣ ከሰፈራችሁ ጀምሮ የ«አንድ ሰዓቷ» መንገድ አራት ሰዓት ገደማ ትሆናለች። ቢሆንም ከዘጠኝ ሰዓት ይሻላል፤ ይህንን የሚክድ የለም።

ጥያቄው ስንቱ ሰው ይሳፈራል ነው። አንዱ ኪው 400 ሰባ ስምንት ሰው ቢጭን ነው፤ አንድ ተኩል አውቶቡስ ሰው ማለት ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ የባሌ ዞን ሕዝብ (ምሥራቅ ባሌ ሳይለይ) 1.4 ሚሊዮን ነበር። እስቲ በየቀኑ፣ ዓመቱን በሙሉ፣ በዓል ሳይል ጉም ሳይል፣ ሙሉ ሰው የጫነ አንድ አውሮፕላን ከሮቤ ይነሳል እንበል። በዓመት 28 ሺህ 470 ሰው ይሆናል። ያ የ1999 ሕዝብ ብቻ፣ አንድ ሰው እንኳ ሳይወለድ፣ እያንዳንዱ አንዴ ብቻ ይሳፈር ቢባል ወረፋው የሚያልቀው በ49 ዓመት ነው! ስለዚህ «ባሌ የአንድ ሰዓት መንገድ ናት» የሚለው ስለ ባሌ ሕዝብ የተነገረ አይደለም። በቀን ሰባ ምናምን ለሚሆኑ ሰዎች የተነገረ ነው።

እዚህ ላይ ማንም የማይቆጥረውን ሌላ ሰዓት ላንሳ። እሱም የጥበቃ ሰዓት ነው።

ርቀት ማለት እኮ የጉዞው ሰዓት ብቻ አይደለም፤ እስክትሳፈር የምትጠብቀው ሰዓት ተደምሮበት ነው። አንድ ሰው ጎባ ላይ ከቀኑ 8 ሰዓት «ወደ አዲስ አበባ ሂድ» የሚል ወረቀት ተሰጠው እንበል። የዕለቱ አውቶቡስ ጎህ ሲቀድ ሄዷል። ከመሸ በኋላ መንገድ አይታሰብም። እስከ ነገ ንጋት 12 ሰዓት ድረስ 16 ሰዓት ይጠብቃል፤ ዘጠኝ ሰዓት ይጓዛል። ድምሩ 25 ሰዓት። አውሮፕላኑስ? ለምሳሌ በቀን አንድ በረራ ቢኖርና የነገው ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ቢሆን፣ 20 ሰዓት ጠብቆ አንድ ሰዓት ይበርራል፤ ያውም ወንበር ከተገኘ። ድምሩ 21 ሰዓት። አያችሁልኝ? ዘጠኝ እጥፍ የሚፈጥነው አውሮፕላን ለቸገረው ሰው ያተረፈለት አራት ሰዓት ብቻ ነው። ቀሪውን ጥበቃው በላው። ፍጥነት ያለ ምልልስ ባዶ ነው የምለው ለዚህ ነው።

አንድ ጊዜ ከሮቤ ወደ አዲስ አበባ ስመጣ አጠገቤ የተቀመጡት ባልና ሚስት ነበሩ። የሲናና ገበሬዎች ናቸው። ሴትየዋ ጋቢያቸውን አጥብቀው ይዘው መስኮቱን ተደግፈዋል። ባልየው ወረቀት በፌስታል ጠቅልለው በደረት ኪሳቸው ይዘዋል፤ በየኬላው ስንወርድ ይዳብሱታል። ጡታቸው ላይ እብጠት ወጥቶ ጥቁር አንበሳ ታይተው እንዲመጡ ተጽፎላቸው ነው። እኔ የከተማ ሰው ነኝና ያለ ሐሳብ «ኦቦ፣ ለእሳቸው እንኳ አውሮፕላን ቢሆን አይሻልም ነበር?» አልኳቸው። ባልየው አልተቆጡም። ዝግ ብለው እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ለእሷ ለአንዷ ቢሆን በሬ ሸጬም እገዛ ነበር። ግን አማርኛ አትሰማም፣ ማንበብ አትችል። እሷ በሰማይ ብትሄድ እኔ በምድር እስክደርስ ቦሌ ላይ ማን ይቀበላታል? ለሁለት እንዳልገዛ ደግሞ እዚያ ሄደን የምንበላው ያስፈልጋል።»

ይህን የመሰለ ጥልቅ የትራንስፖርት ጥናት በየትኛውም የመሥሪያ ቤት ሪፖርት ላይ አንብቤ አላውቅም። በሽተኛ ብቻውን አይሄድም። የበሽተኛ ዋጋ የሁለት ሰው ዋጋ ነው። ደግሞ መድረስ መጨረሻ አይደለም። የጨረር ሕክምና የታዘዘለት ሰው አንድ ቀን ታክሞ አይመለስም፤ በሳምንት አምስት ቀን፣ ሦስትም አምስትም ሳምንት ይመላለሳል። ለረጅም ዓመታት በመላው አገሪቱ ይህ ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ሌሎች ከተሞች የተጨመሩት በቅርብ ዓመታት ነው። እንግዲህ ለእነዚያ ባልና ሚስት አዲስ አበባ አንድ ሰዓት ናት? ዘጠኝ ሰዓት ናት? ኧረ አይደለችም! አዲስ አበባ ለእነሱ የአምስት ሳምንት የቤት ኪራይ፣ የአምስት ሳምንት ምግብ፣ ያልታጨደ ስንዴና ለጎረቤት አደራ የተሰጠ ከብት ናት።

ሮቤን ራሷን «ሩቅ ከተማ» የሚላት ደግሞ አለ። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ የሳነቴን አምባ ያቋርጣል፤ አምባው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ አጠገቡ 4,377 ሜትር የሚረዝመው ቱሉ ዲምቱ ቆሟል። በአፍሪካ መኪና ከሚወጣባቸው ከፍተኛ መንገዶች አንዱ ነው። ከዚያ ቁልቁል በሐረና ጫካ መና ይገባል። በመስከረም 2016 ዓ.ም. የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ደስ ያላለው የለም፤ እኔንም ደስ ብሎኛል። ቀይ ቀበሮን ለማየት የመጣ ጎብኚ ቦሌ ቁርሱን በልቶ፣ ሮቤ አርፎ፣ ከሰዓት በኋላ ሳነቴ ላይ ካሜራውን ይደቅናል። ይምጣ፣ እንኳን ደህና መጣ! በዚያው መንገድ ዳር ግን ምጥ የያዛት እናት ከመና ወደ ጎባ በብርድ ትወጣለች። አንድ መንገድ፣ ሁለት ርቀት። የሰው ሕይወት የሚያልፈው በየትኛው እንደሆነ እናንተው ፍረዱ።

መንግሥት ምንም አልሠራም ብዬ አልወሽክትም። የአዲስ-አዳማ የፍጥነት መንገድ አለ፤ ከሞጆ በመቂ እስከ ባቱ (ዝዋይ) የሚደርሰውም ሥራ ላይ ውሏል። እስከ ሮቤ አስፋልት ነው። ድሮ በአቧራና በጭቃ ሁለት ቀን ሊፈጅ ይችል የነበረ ጉዞ ዛሬ በአንድ ቀን ያልቃል። ይህ ሐቅ ነው። ነገር ግን በሌላ በኩል የተወሰደብንስ? ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ ሲነሳ የመንገደኛው ኪስ አብሮ ተራገፈ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ይተመን ከተባለ ወዲህ ጎማውም፣ መለዋወጫውም፣ ዘይቱም ጣራ ነካ። የመንገድ ሰላምማ አይነሳ! በሰኔ 2016 ዓ.ም. ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ይመለሱ የነበሩ ተማሪዎች ገርበ ጉራቻ አካባቢ ከአውቶቡስ ላይ ሲታገቱ፣ ያ መንገድ የጎጃም መንገድ ቢሆንም ድንጋጤው የደረሰው በየመናኸሪያው ላለ ወላጅ ሁሉ ነው። ልጁን መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ የሚልክ የአዲስ አበባ ወላጅ ዛሬ ቲኬት ሲያስብ የሚያሰላው ኪሎ ሜትር አይደለም። ያለው በሰማይ ይልካል፤ የሌለው በጸሎት።

ታዲያ ምን ይደረግ? መንቀፍ ብቻ የጋዜጠኛ አመል ነው እንዳይባል የሚታየኝን ልበል።

አንደኛ፣ በረራው የሚለካው በመኖሩ ሳይሆን በሰዓቱ ይሁን። የሮቤ ሰው ጠዋት ሄዶ ጉዳዩን ፈጽሞ ማታ የሚመለስበት ሰሌዳ ከሌለ፣ የአንዱ ሰዓት በረራ የሁለት ሌሊት አልጋ ኪራይ ይዞ ይመጣል።

ሁለተኛ፣ አየር መንገዱ የሕዝብ ሀብት ነው እንባላለን። እንግዲያውስ በእያንዳንዱ የሮቤ በረራ ላይ ጥቂት ወንበሮች የሆስፒታል ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ለያዙ በሽተኞችና ለአንድ አስታማሚ በቅናሽ ይቀመጡ። አስታማሚ የሚለውን ቃል አስምሩበት። ሰዓቱ ሲደርስ ያልተያዘውን ለሌላ ይሽጡት፤ ማንም አይከስርም።

ሦስተኛ፣ መናኸሪያዎቻችን ጎህ ሲቀድ ብቻ ከሚያሰማሩ፣ ሰላሙ ተጠብቆ ረፋድ ላይም ስምሪት ይኑር። አንድ ተጨማሪ ስምሪት ከጥበቃው ሰዓት ላይ የሚቀንሰው፣ አንድ ተጨማሪ አስፋልት ከጉዞው ሰዓት ላይ ከሚቀንሰው ሊበልጥ ይችላል። ወጪውም ከአስፋልት ያነሰ ነው።

አራተኛውና ዋናው ግን ይኼ ነው፦ ከሁሉም አጭሩ መንገድ ያልተሄደው መንገድ ነው። የጎባ ሪፈራል ሆስፒታል በዩኒቨርሲቲው ሥር ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ እያስተማረ ነው፤ ሐኪሞችም ያስመርቃል። የተመረቀው ሐኪም እዚያው እንዲሰነብት፣ መሣሪያው እዚያው እንዲተከል፣ የተበላሸው እዚያው እንዲጠገን ቢደረግ ስንት ሺህ ሰው ዘጠኝ ሰዓቷን ጨርሶ አይጓዛትም። ሐኪም ጎባ ላይ ካለ ለሲናናው ገበሬ ርቀቱ ግማሽ ቀን ነው። ከሌለ አምስት ሳምንት ነው። ይህን የሚያሳጥር አውሮፕላን እስካሁን አልተፈለሰፈም።

እስከዚያው ድረስ ግን ቢያንስ ቋንቋችንን እናስተካክል። የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ዓመታዊ ሪፖርታቸውን ሲያቀርቡ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር አስፋልት፣ ይህን ያህል በረራ ብለው አይጨርሱ። አንዲት መስመር ይጨምሩበት፦ «ከመና የተነሳች ወላድ ጎባ ለመድረስ አምና ስንት ሰዓት ፈጀባት፣ ዘንድሮስ?» ይበሉ። «ከጎባ ወደ አዲስ አበባ የተላከ በሽተኛ ወረቀቱ ከተጻፈበት ደቂቃ ጀምሮ በስንት ሰዓት ሐኪም ፊት ቀረበ?» ይበሉ። ቁጥሩ ከቀነሰ እኔ ራሴ በዚሁ ጋዜጣ ላይ አጨበጭባለሁ። ካልቀነሰ ደግሞ «አንድ ሰዓት» የምትለዋን ቃል ለተሳፋሪዎቿ ይተዉላት። እኛ የምድሮቹ ሰዓታችንን እናውቃለን።